ከአንድ ግንድ

ከሂርማታ ጥግ ነው ወንበር የምጠርበው፤
ከአንድ ዋንዛ ጉማጅ ሦስት እግር የምስበው።
ምስማር አልመታበት፣ ሙጫ አልቀባበት፣
መጋጠሚያ የለው ወልቆ ሚሄድበት።
ገዢ ሲጠይቀኝ «ይጸናል ወይ?» ብሎ፣
ልጄ ያሳየዋል ላዩ ላይ ዘልሎ።

እኔን ግን ፈጣሪ በሌላ መላ ሠራኝ፤
ቁራጭ ከቁራጭ ጋር በጅማት አሰረኝ።

የመጀመሪያው ቀን መረብ ኳስ ላይ ነበር፤
ኳሷን ልመታ ብዬ ወደ ሰማይ ስበር፣
እጄ ወደ ኋላ ሄደና እዚያው ቀረ፤
ትከሻዬ ጎን ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ።
ወጌሻው አባ ቡልጉ ቅቤ ይዘው መጡ፤
ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ፤
ተረከዝ ብብቴ ውስጥ፣ ክንዴ በእጃቸው፣
«ቢስሚላሂ» አሉ—
ቋ!
ገባ። ሻይ ጠጣን። አለቀ መሰለኝ።

አላለቀም።
ሁለተኛው ክረምት ነው፣ ጃንጥላ ስዘረጋ፤
ሦስተኛው በእንቅልፌ፣ ሌሊቱ ሊነጋ፣
ብርድ ልብስ ስጎትት።
አራተኛው ያሳፍራል፦
ፈረንጅ አራዳ ቆሜ እጄን አነሳሁ፤
ባጃጁ ቆመልኝ፣ ትከሻዬ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴ ከአጥንቴ ቀድሞ ይወልቃል።
ወዳጅ ትከሻውን ለሰላምታ ሲያቀብል
ግራዬን አዞራለሁ። ሰው «ኮራ» ይላል።
ሶላት ላይ እጆቼን ጆሮዬ ጋ ሳደርስ
ልቤ ከተክቢራው በፊት ይመታል።

ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣
መኪያ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከምሳዋ የተረፈ የአቮካዶ ፍሬ አነሳች፤
ከወንበር ሥር አንድ ቆርኪ ፈልጋ አገኘች፤
ፍሬውን ቆርኪው ላይ አስቀመጠችና
«ይኸው ትከሻህ» አለችኝ።
ተነፈስኩ። ወደቀ።

«ዳሌህ ጉድጓድ አለው፣ ጠልቆ የሚይዘው፤
ትከሻህ ግን ሳህን፣ ፍሬ ያዘለ ነው።
ለዚህ ነው ጀርባህን የምታክክበት፤
ለዚህ ነው ጣራውን የምትደርስበት።
ሩቅ ልድረስ ሲል ነው መያዝን የተወ።
ጠርዙ ላይ የነበረው ለስላሳ ክፈፍ
የዚያን የኳሱ ቀን ተቀደደ፤ ጅማቱም ረገበ።
አባ ቡልጉ እጃቸው ይባረክ፤
ግን ራጅ ይቀድማል። የተሰበረ ቢኖርስ፣ ማን አየ?»

«አሁንስ?» አልኳት።
«አሁን ጡንቻህ ቀረ።
አራት ትንንሾች ዙሪያውን የከበቡ፤
ተኝተዋል እንጂ ዘብ ነበሩ ላሳቡ።
ቀስቅሳቸው። እምቢ ካሉ ቢላ አለ፤
እሱን ያኔ እንነጋገራለን።»

ከጎሚስታው ከሐሩን የሞተር ከመነዳሪ ለመንኩ፤
በቁመቱ ቀድጄ ከበሩ እጀታ አሰርኩ።
ክርን ከጎን አይለቅም፤ ብብት ሥር የታጠፈ ፎጣ፤
ጎማውን ወደ ውጭ ስቦ፣ ቀስ አርጎ መመለስ።
ክንፍ አጥንቴን ወደ ኋላ ኪሴ መክተት፣
የሌለ ሳንቲም እንደሚቆጥብ ሰው።
ሚስቴ ሙንተሃ ትቆጥራለች፤
አሥራ አንድ ስደርስ ወደ ዘጠኝ ትመልሰኛለች፤
ትስቃለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ እስቃለሁ።

ሁለት ወር ምንም የለም።
ጎማው ብቻ የሚጠነክር መሰለኝ።
አወይቱ ሞላ፣ ጎደለ።
በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ
መጥረቢያዬን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤
ካወረድኩ በኋላ ነው ያወረድኩት ትዝ ያለኝ።
መኪያ ስነግራት አላጨበጨበችም፤
«ነገም ሦስት ዙር» አለች።

አሁንም በቀኝ ጎኔ አልተኛም።
ባጃጅ የማስቆመው በክርኔ ከፍታ ነው፤
ያላየኝ ይለፍ።

ትናንት አንድ ገዢ ወንበሬን ገልብጦ፣
ሦስቱንም እግሮቹን በጣቱ ፈትሾ፣
«ይጸናል ወይ?» አለኝ።
«ይጸናል» አልኩት፣ «ልጅ ልጅህ ይቀመጥበታል።
ከአንድ ግንድ ነው፤ የሚወልቅ የለውም።
ግን እጁን አያነሳም።»
አልገባውም። ዋጋ ቀነስኩለት።